ስድስት ሳምንት

«ሱቁ ተዘጋ እንዴ?» አለችኝ ባለቤቴ፣ ቤት ውስጥ ሳሙና ልሠራ ነው ስላት። ሱቁ አልተዘጋም፤ ሳሙናውም ሞልቷል። ነገሩ የመጣው ከእጅ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ልብስ የሚያጥቡልን እማማ አሉ፤ ዕድሜያቸው ከእናቴ ዕድሜ ብዙም አያንስም። አንድ ቀን ሒሳባቸውን ስሰጣቸው መዳፋቸውን አየሁት። በኦሞና በበረኪና ብዛት ተሰነጣጥቆ የበጋ መሬት መስሏል። ሳሙና ሲሠራ ግሊሰሪን የሚባል ቆዳ የሚያለሰልስ ነገር አብሮ ይፈጠራል። ትልልቅ ፋብሪካዎች ብዙውን ጊዜ ለይተው ያወጡትና ለብቻው ይሸጡታል፤ የቤት ሳሙና ውስጥ ግን እንዳለ ይቀራል። ይህን ካነበብኩ በኋላ ነው ሞራ ፍለጋ ሥጋ ቤት የሄድኩት።

ለነገሩ ማጠብና አረፋ ለአገራችን እንግዳ አይደሉም። አያቶቻችን በእንዶድ ያጥቡ ነበር። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 እ.ኤ.አ. አድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ወንዝ ዳር ቀንድ አውጣዎች ሞተው አይተው አይደል የቢልሃርዚያ ምርምራቸውን የጀመሩት? የእንዶድ አረፋ ግን ከራሱ ከፍሬው የሚወጣ ነው። እኔ የምለው ሳሙና ስብና ኮስቲክ ሶዳ ተገናኝተው፣ ሁለቱም የቀድሞ ጠባያቸውን ጥለው የሚወልዱት ሌላ ነገር ነው።

«ቀዝቃዛ» የሚሉት አሠራር ሳሙናውን እሳት ላይ አያበስልም። ለ500 ግራም የከብት ሞራ 70 ግራም ያህል ሶዳ ይበቃል። ጠንቃቃ ሰው አምስት በመቶ ቀንሶ 66 ተኩል ያደርገዋል፤ ስብ ይትረፍ እንጂ ሶዳ እንዳይተርፍ። የኮኮናት ዘይት ቢሆን ያው 500 ግራም ከ90 በላይ ይጠይቃል። እንግዲህ «በዓይን ግምት» የሚባለው የጓዳ ጥበባችን እዚህ አይሠራም። ሚዛኑን ያየች ባለቤቴ «ወርቅ ቤት ከፈትክ?» ብላኛለች።

ሶዳው ወደ ውሃው ይጨመራል እንጂ ውሃው በሶዳው ላይ አይደፋም፤ ይህ ሕግ ነው። ውሃው ምድጃ ሳይነካው በራሱ ጊዜ ይግላል፣ ትነቱም ጉሮሮ ይይዛል። መስኮት ከፍቼ፣ ጓንትና መነጽር አድርጌ ነው የሠራሁት። ቤታችን የሞላው የአሉሚኒየም ድስት ለዚህ አይሆንም፤ ሶዳው ይበላዋል። ሞራውም ሶዳውም 50 ዲግሪ ግድም ሲደርሱ ተደባልቀው ይማሰላሉ። ድብልቁ እንደ አጥሚት ወፍሮ ማንኪያው ያለፈበት መስመር ላዩ ላይ ሲቀር ደርሷል ማለት ነው። በባዶ የጁስ ካርቶን ገለበጥኩት፣ በማግሥቱም ቆራረጥኩት። ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ መጠበቅ ነው፤ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት።

እማማ መደርደሪያው ላይ አዩት።

«ይኼ ምንድነው ልጄ?»

«ሳሙና ነው፤ ከሞራ የተሠራ።»

«መቼ ይደርሳል?»

«ስድስት ሳምንት።»

«ስድስት ሳምንት! ጠላም ይህን ያህል አይፈጅ።» ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና «እሳት ብታሳየውስ?» አሉኝ።

አፌን ይዤ ቀረሁ። ለካ መጽሐፍ ሳያገላብጡ ሌላውን ዘዴ ነግረውኛል። እሳት ላይ የሚበስል ሳሙና አለ፤ መልኩ ሸካራ ቢሆንም ስቡና ሶዳው በሰዓታት ውስጥ ይዋሃዳሉ። ለካ መጠበቅም ገንዘብ ይጠይቃል። እኔ ስድስት ሳምንት የምታገሠው ደመወዜ በወሩ ስለሚመጣ ነው።

«እንግዲያው ከሶዳው ቆንጠር አድርገህ ስጠኝ፤ ቤቴ ሠርቼ ለጎረቤት እሸጣለሁ» አሉ።

እዚህ ላይ ነው የተያዝኩት። እማማ የሚኖሩት በአንድ ክፍል ቤት ከሁለት የልጅ ልጆቻቸው ጋር ነው። ሶዳው ነጭ ነው፤ ስኳርም ጨውም ይመስላል። እኔ ራሴ ስገዛው ስም የሌለው ፌስታል ውስጥ ቋጥረው ነው የሰጡኝ። በየሰፈሩ ላርጎና በረኪና በባዶ የውሃ ፕላስቲክ ሲሸጥ የማያውቅ አለ? የጠማው ሕፃን ፕላስቲኩን እንጂ ውስጡን አይመረምርም። ሶዳ የጠጣ ልጅ ጉሮሮው ይቃጠላል፤ «አስመልሱት» ብለው ጣት የሚከቱበት ዘመዶችም ይጎዱታል፣ ሲመለስ ሁለተኛ ያቃጥለዋልና። አፉን በውሃ አጉመጥምጦ ወደ ሐኪም ቤት መሮጥ ነው።

«ሶዳውን አልሰጥዎትም እማማ» አልኳቸው።

ፊታቸው ተለወጠ። «ሰሰትክብኝ?»

ስለ ልጆቹ ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝና ወደ እጥበታቸው ተመለሱ። ያን ቀን ሻይ አልጠጡም።

ሳሙናው አራት ሳምንት ሲሞላው ሁለት ፍሬ ሰጠኋቸው። በሚቀጥለው ቅዳሜ እጃቸውን ዘርግተው አሳዩኝ። ስንጥቁ አልዳነም፤ በአንድ ሳምንት የሚድንም አይደለም።

«አይለበልብም» አሉ፤ «ግን ቶሎ ያልቃል።»

«ገና ስላልደረቀ ነው።»

«እኮ እሱን ነው የምልህ። ሞራውን ቅዳሜ ይዤ እመጣለሁ። እዚሁ ግቢህ ውስጥ፣ ሶዳውን አንተው መዝነህ ጨምር፣ እሳቱን ለኔ ተወው።»