ልጃችሁ ከማሠልጠኛ ሲደውል ምን ትሉታላችሁ?

የዛሬው ወጋችን ስለ ፍቅር አይደለም፤ ስለ ምልምል ወታደር ነው። አትሽሹ እንጂ!

እኔ የጋፋት ልጅ ነኝ። ደብረ ታቦር አጠገብ ያለችው፣ አፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖልን ያሠሩባት ጋፋት። መድፉ እንዴት እንደተሠራ እዚህ ሕፃኑም ይተርክላችኋል። ትናንት ኳስ ሲያሳድድ የነበረ ልጅ እንዴት ወታደር እንደሚሆን ግን ማንም አያወራም።

ነሐሴ 2013 ዓ.ም. መንግሥት አቅም ያለው ሁሉ እንዲዘምት ጥሪ ሲያቀርብ፣ የጎረቤታችን የ19 ዓመት ልጅ ተመዘገበ። በዚያው ወር ደብረ ታቦር ላይ ከባድ መሣሪያ ወድቆ ሰላማዊ ሰዎች ሞተው ነበርና «ተው» ያለው የለም። በእልልታ ሸኘነው።

በሦስተኛው ሳምንት ስልክ ተውሶ ደወለ። ሩጫውን፣ የሌሊቱን ፊሽካ፣ ኮቾሮውን ሁሉ ችሎታል። ያቃተው እንቅልፍ ነው። «ያ ሁሉ ሰው መሀል ተኝቼ ብቻዬን ነኝ» አለኝ። ሲያለቅስ እንዳያዩት ሽንት ቤት ይደበቃል። እናቱ ስልኩን ተቀብለው «አንተ የጀግና ዘር አይደለህም እንዴ!» ሲሉት ጸጥ አለ። ከዚያ ወዲያ በደወለ ቁጥር «ደህና ነኝ» ብቻ ሆነ።

እናትየው ላይ አልፈርድም። በ1975 ዓ.ም. የታወጀው ብሔራዊ ውትድርና የወሰደው ወንድማቸው አልተመለሰም። ከዚያ ሌላ ማበረታቻ ማን አስተማራቸው?

እስቲ አስቡት። መብላቱም መተኛቱም በአንድ ጀምበር በትእዛዝ የሆነበት ልጅ ሆዱ ባይባባ ነው የሚገርመው! ፈሪነት አይደለም። ብዙዎቹ ጓደኛ ሲያፈሩ፣ ነገሩን ሲለምዱት ይቀልላቸዋል። ግን እንቅልፉ እንደጠፋ ከቀረ፣ ምግብ ከዘጋው፣ ከሰው ከሸሸ፣ በተለይ «ብሞት ይሻለኛል» ካለ ቀልድ የለም፤ ብቻውን ሳይተውት ለአለቃና ለሐኪም መነገር አለበት። እኛ ደግሞ የአእምሮ ሐኪም ሲባል አማኑኤል ሆስፒታል ትዝ ይለንና እንደነግጣለን። ጸበሉን ማን ከለከለ? ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ።

ሲደውልላችሁ ከ«በርታ» በፊት «እንቅልፍ ይወስድሃል ወይ?» በሉት። መልሱን ሳታቋርጡ ስሙት። የቤቱን ዕዳ፣ የከብቱን በሽታ ያን ዕለት አታንሱበት፤ ምን ሊያደርግላችሁ?

የኛን ልጅ ያተረፈው እኛ አይደለንም። አጠገቡ የሚተኛ የጋይንት ልጅ አንድ ሌሊት ሲያለቅስ ሰምቶት፣ «እኔም እኮ አልተኛሁም» አለው። እስኪነጋ አወሩ። ዛሬም ይደዋወላሉ።