ግንቡ ከውጭና ከውስጥ

ነገርን ከሥሩ፥ ውኃን ከጥሩ እንዲሉ፥ ሰው የሚወደውን ነገር ለብዙ ዘመን በወሬ ብቻ ሲያውቀው ኖሮ ከምንጩ ሲደርስ የሚያድርበት ስሜት ልዩ ነው። ደስታ ብቻ አይደለም፤ ፍርሃትም አለበት። «የነገሩንን ያህል ባይሆንስ?» ያሰኛል። እኛም በአዲስ አበባ ስታዲየም በር ላይ መጀመሪያ የቆምን ዕለት ይኸው ፍርሃት ይዞን ነበር።

ተወልደን ያደግነው በልደታ ነው። ከቤታችን ተነሥቶ በተግባረ ዕድና በሜክሲኮ አደባባይ በኩል፥ ለገሐርን አልፎ ወደ ስታዲየሙ ለሚሄድ እግረኛ መንገዱ ሩቅ አይደለም። ትልቅ ጨዋታ ባለበት እሑድ፥ ነፋሱ ወደኛ ከነፈሰ፥ የተመልካቹን ጩኸት ከደጃችን ሆነን እንሰማ ነበር። ይሁን እንጂ ሃያ ሁለት ዓመት እስኪሞላን ድረስ ገብተን አላየነውም። አባታችን «መጀመሪያ የምትገባው ከእኔ ጋር ነው» ብለው ቃል አስገብተውን ነበርና ነው። በየዓመቱ ስንጠይቃቸው ግን «ለከርሞ» ይሉን ነበር።

የአባታችን የኳስ ጨዋታ ወሬ ሁሉ የሚያርፈው በአንድ ቀን ላይ ነበር፤ በጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም.። በዚያ ዕለት በሦስተኛው የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ፥ ኢትዮጵያ ያን ጊዜ የተባበረችው ዐረብ ሪፐብሊክ ትባል የነበረችውን ግብፅን በተጨማሪ ሰዓት 4 ለ 2 አሸነፈች። ግብፆች ሁለት ጊዜ ቀድመው ነበር፤ ሁለቱንም ጊዜ ወገኖቻችን ደረሱባቸው። በተጨማሪው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ አገቡ፤ ዋንጫውንም የቡድኑ አለቃ ሉቻኖ ቫሳሎ ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ እጅ ተቀበለ። አባታችን ይህን ሲተርኩልን የሜዳው ሣር ከአፍንጫችን ሥር ያለ ይመስለን ነበር። «ነበርኩ» ይሉ ነበር፤ «እዚያው ነበርኩ።»

በጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን ከሱዳን ጋር የመልስ ጨዋታ ነበረው። በሱዳን ሜዳ 5 ለ 3 ተሸንፈን ስለ ነበር፥ በአገራችን 2 ለ 0 ብንረታ፥ በውጭ ባገባናቸው ሦስት ግቦች ብልጫ ወደ አፍሪካ ዋንጫ እናልፍ ነበር። ከ1974 ዓ.ም. ወዲህ እስከዚያ ዕለት ድረስ ኢትዮጵያ ከዚያ ውድድር ደርሳ አታውቅም ነበር። ከሌሊት ጀምረን ተሰልፈን ሁለት ትኬት ገዛንና በአባታችን ፊት አስቀመጥን። ብዙ ጊዜ ዝም ብለው ተመለከቱት። በዚህ ጊዜ «ለከርሞ» ማለት አልቻሉም።

ከስታዲየሙ ግንብ ስንደርስ አባታችን ቀድመውን ይመሩናል ብለን ነበር። እሳቸው ግን ቆመው ግራና ቀኝ ተመለከቱ፤ ቀጥለውም አንዱን ፖሊስ «በሩ በየት በኩል ነው?» ብለው ጠየቁት። ነገሩን ከእርጅና ቆጠርነው። ደረጃውን ወጥተን ሜዳው ከነመሮጫው ድንገት ሲታየን ክንዳችንን ያዙና «ይህን ያህል ቅርብ ነው እንዴ?» አሉ። ያን ጊዜ ገባን። አንድም ቃል አልተናገርንም።

እውነቱን ለመናገር ሜዳው እኛንም አነሰብን። በአባታችን ወሬ ውስጥ የነበረው ከዚህ ይሰፋ ነበር። ነገር ግን አዳነ ግርማ የመጀመሪያውን፥ ሳላዲን ሰይድ ሁለተኛውን ግብ ባገቡ ጊዜ ያ ሁሉ ሕዝብ አንድ አፍ ሆኖ ሲጮኽ፥ አባታችን ዓይናቸውን ጨፍነው አየናቸው። በሚታይበት ቦታ ተቀምጠው ያዳምጡ ነበር።

ስንመለስ ከግንቡ ውጭ ቆሙና እጃቸውን አሳረፉበት። «ልጄ፥ እኔ የነበርኩት እዚህ ነው» አሉ። «ያን ጊዜ የባለሱቅ ተላላኪ ነበርኩ፤ የመግቢያ ገንዘብ ከየት ይምጣ? አራት ጊዜ ምድር ተንቀጠቀጠች፤ ሁለት ጊዜ ጸጥ አለ። የቀረውን ኋላ ከሰው ሰማሁ። ነበርኩ ማለቴ ውሸት አልነበረም፤ አየሁ ብለህ ስትረዳው ግን ዝም አልኩ።» ለምን «ለከርሞ» ይሉን እንደ ነበረም ሳንጠይቃቸው ተረዳነው። እንደተታለልን አልተሰማንም። የተሰማን፥ ያን የሚያህል ደስታ በአንድ ግንብ ተከልሎበት የቆመ አንድ ድሃ ልጅ ነበር።

ዛሬ በመንግሥት ሥራ ላይ ሆነን ከየቦታው የሚመጣውን ሪፖርት ስናነብ፥ ጸሐፊው ያየውንና የሰማውን ለይቶ መጻፉን እንመረምራለን። የሰማውን «ሰማሁ» ብሎ የጻፈውን ግን ከፍ አድርገን እንይዘዋለን፤ በጆሮ የተያዘም ምስክርነት ነውና።

አባታችን ካረፉ ጥቂት ዓመታት አልፈዋል። ከዚያች እሑድ በኋላ ወሬያቸው ሁለት ሆኖ ነበር፤ «በ54 ሰማሁ፥ በ2005 አየሁ» ይሉ ነበር። ከሁለቱ ግን አስረዝመው የሚተርኩት የሰሙትን ነበር። ልጃችንም «አያቴ ግብፅ ስትሸነፍ አይተዋል?» ብሎ ሲጠይቀን «አላዩም፤ ከግንቡ ውጭ ቆመው ሰምተዋል» እንለዋለን። እርሱም «እንዴት አድርገው ሰሙ?» ይለናል፤ ወሬውም እንደ ገና ከመጀመሪያው ይጀመራል።