ከራያ ቆቦ የተጻፈ ደብዳቤ፦ ስለ ዝናብ፣ ስለ ዘርና ስለ አምላክ ቸርነት

ይድረስ በአዲስ አበባ ለሚገኙት ወላጆች፣ ወንድሞችና እኅቶች፣ እንዲሁም ለቤተሰቡ የጽዋ ማኅበር አባላት።

ወደ ራያ ቆቦ ከተደረገው ጉዞ በፊት ቤተሰቡ ያነሣው ጥያቄ፣ ይኸውም በአንድ የሰው ዕድሜ ድርቅን፣ ረሃብን፣ አንበጣንና ጦርነትን ያየ ሕዝብ የአምላክን ቸርነት እንዴት አምኖ ይኖራል የሚለው፣ ከአገሩ አቀማመጥ ቢጀመር ይበልጥ ይገባል። ቆቦ ከወልድያ በስተሰሜን 50 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ወደ መቐለ በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ፣ ከባሕር ወለል ወደ 1,500 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ በተንጣለለ ሜዳ የተቆረቆረች ከተማ ስትሆን፣ በምዕራቧ የላስታ ተራሮች፣ በምሥራቋ ደግሞ ሜዳውን ከአፋር ቆላ የሚለየው የዞብል ሰንሰለት ቆመዋል። የሜዳው አፈር ለም ነው፤ የማይታመነው ዝናቡ ነው። በዚህም ምክንያት ገበሬው ከራሱ ሰማይ ይልቅ የደጋውን ሰማይ ሲያይ ይውላል፤ በተራሮቹ ላይ የዘነበው ዝናብ እንደ ጎሊናና ሆርማት ባሉ ወንዞች ደራሽ ሆኖ ሲወርድ፣ በአፈር፣ በድንጋይና በእሾህ ቅርንጫፍ በተሠራ ክትር እየጠለፈ ወደ ማሳው ይመራዋልና። ጎርፉ ከልኩ ካለፈ ክትሩን ጠርጎ፣ ማሳውን በአሸዋ ሞልቶ ይሄዳል፤ ልከኛ ከሆነ ደግሞ ለም ደለል ትቶ ያልፋል። ካህናቱ ዝናብን ብቻ ሳይሆን «ዝናበ ምሕረት»ን፣ ማለትም በልክ የሚወርድ፣ የማያጠፋ ዝናብን የሚለምኑት ያለ ነገር አይደለም።

ዝናብ ሲጠፋ በቤተ ክርስቲያን ምህላ ይያዛል፤ ምህላ በችግር ጊዜ ካህናትና ምእመናን በአንድነት ቆመው፣ እየሰገዱና እግዚኦታ እያደረሱ ምሕረት የሚለምኑበት ጸሎት ነው። ሙስሊሞቹ በበኩላቸው ሰላተል ኢስቲስቃእ የተባለውን የዝናብ ልመና ሶላት ለመስገድ ወደ ገላጣ ሜዳ ይወጣሉ። ከሁለቱም ሌላ ወሎ ወዳጃ የሚለው ሥርዐት አለው፤ ሰዎች ቡና አፍልተው፣ ዕጣን አጢሰው፣ ጫት ይዘው በአንድ ቤት ይቀመጡና አንድ አዋቂ ሲመርቅ ሌሎቹ «አሚን» እያሉ ይቀበላሉ፤ የሃይማኖት ሊቃውንት ከሁለቱም ወገን ወዳጃን ሲነቅፉት ቢኖሩም፣ በወሎ ምድር ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ጎን ለጎን ሆነው «አሚን» ከሚሉባቸው መድረኮች አንዱ እሱ ነው። በመከራ የተፈተነውን ሰው አንዱ ኢዮብ፣ ሌላው አዩብ ብሎ ይጥራው እንጂ፣ የታሪኩን ፍሬ ሁለቱም ያውቁታል።

እምነቱ ግን በጸሎት ቦታ ብቻ ቢፈለግ ግማሹ ያመልጣል። የራያ ቆቦ ዋና እህል ማሽላ ነው፤ እንደ ደጋሊትና ጅጉርቲ ያሉት የአገሬው ዘሮች ረጅም ወራት ስለሚፈልጉ በሚያዝያና በግንቦት፣ የክረምቱ ነገር ገና ሳይታወቅ ይዘራሉ። ቡቃያው በደረቅ ቢቀር ገበሬው ያንኑ መሬት ዳግመኛ አርሶ ቶሎ የሚደርስ ማሽላ ይዘራበታል፤ ያም ካልሆነ በሐምሌ ጤፍ፣ በመጨረሻም በመሬቱ ውስጥ በቀረው እርጥበት ሽምብራ ይሞክራል። የዘራው ቢያዝለትም ገና አቀንጭራ የተባለው ጥገኛ አረም ሥሩን ይመጠምጠዋል፤ ዛላው ሲያሸትም ግሪሳ ወፍ ይወርድበታልና፣ ልጆች በማሳው መካከል በእንጨት ከተሠራ ማማ ላይ ወጥተው ከንጋት እስከ ምሽት ወንጭፍ ሲያስጮኹ ይውላሉ። በእስልምና ተወኩል የሚባለው፣ ማለትም ጉዳይን ለአላህ ሰጥቶ መመካት፣ ግመልን ከማሰር ጋር እንጂ ግመልን ከመልቀቅ ጋር እንደማይሄድ የሚያስተምረው ነገር በዚህ ሜዳ ብዙ ማብራሪያ አያስፈልገውም።

«እግዜር ሳይደግስ አይጣላም» የሚለው አነጋገር በየቤቱ ይሰማል፤ ይሁን እንጂ ከማን አፍ እንደሚወጣ ማስተዋል ይገባል። እህሉ የጠፋበት ሰው ራሱ ሲናገረው ጉልበት ይሆነዋል፤ ጎተራው የሞላ ሰው ሲነግረው ግን ጉዳዩን ለመዝጋት የቸኮለ ይመስላል። የወሎ ታሪክም ይህን ጥንቃቄ ያዛል። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. በወሎ ብዙ ሕዝብ ሲያልቅ መንግሥት ነገሩን ሸፍኖ ይዞ ነበር፤ እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ በቴሌቪዥን ካሳየው በኋላ ግን ዓለም ዐወቀው፣ ፊልሙም ንጉሠ ነገሥቱ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከመውረዳቸው በፊት በነበረው ምሽት ለኢትዮጵያውያን ታየ። ኋላም የምጣኔ ሀብት ሊቁ አማርትያ ሴን በረሃቡ ጊዜ የአገሪቱ ጠቅላላ ምርት ያን ያህል እንዳልወደቀ፣ የጠፋው የወሎ ገበሬ እህል የመግዣ አቅም እንደሆነ በመጽሐፉ ሲያሳይ፣ ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያምም ገበሬውን ለረሃብ ያጋለጠው ተጭኖት የኖረው ሥርዐት እንደሆነ ተከራክረዋል። እንግዲህ ዝናብን መከልከል የአምላክ ፈቃድ ነው ቢባል እንኳ ረሃቡን ለእሱ ማሸከም፣ በ1977 ዓ.ም. ከአላማጣ በላይ በኮረም የታየውን እልቂት ጨምሮ፣ ተጠያቂውን ሰው ነጻ ማውጣት ይሆናል።

የቅርቡ ዘመንም አልቀለለም። በ2013 ዓ.ም. መባቻ የበረሃ አንበጣ መንጋ ለአጨዳ የደረሰውን ማሽላና ጤፍ በላ፤ ሕዝቡ በጅራፍና በቆርቆሮ ጩኸት ሊያባርረው ሞከረ። ዓመቱ ሳያልቅ በሐምሌ የሰሜኑ ጦርነት ቆቦ ገባ፤ ነሐሴ 18 ቀን 2014 ዓ.ም. ዳግም ያገረሸውም በዚሁ አካባቢ ነበር። በእነዚህ ዓመታት ሬሳ ያነሣውና ሐዘንተኛውን ያበላው ቅሬ ነው፤ ቅሬ በአዲስ አበባ ዕድር ከሚባለው ጋር የሚመሳሰል የጎረቤት ማኅበር ሲሆን፣ አምላክ ቸር ነው የሚለውን ቃል በእንጀራና በአካፋ የሚያስረዳ ከእሱ የበለጠ ሰባኪ በሜዳው አልተገኘም።

የጽዋ ማኅበሩ ለመላክ ያሰበውን መዋጮ በተመለከተ፣ በፋሲካ ሰሞን ለልብስ ከሚላክ ይልቅ ለዘር መግዣ ቢውል የተሻለ ነው፤ የሚደርሰውም ከሚያዝያ በፊት መሆን አለበት፤ ከዚያ ቢዘገይ ገበሬው ወይ ዘሩን በአራጣ ተበድሮ ይዘራል፣ ወይም ደጋሊቱን ትቶ ምርቱ አነስተኛ የሆነውን ፈጥኖ ደራሽ ዘር ለመዝራት ይገደዳልና።