የላላ ምስማር

ነፋስ በዐይን አይታይም፤ ሥራው ግን ይታያል። መቐለ ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቈረቈረች ከተማ ናት፤ በስተምሥራቋም ምድሩ ወደ አፋር ቈላ ይወርዳል። ፀሐይ ምድርን ስታግል የሞቀው አየር ቀሎ ወደ ላይ ይወጣል፤ የቀዘቀዘውም ስፍራውን ሊይዝ ይሮጣል፤ ይህ ሩጫ ነፋስ ይባላል። ከነጎድጓድ ደመና የሚወርደው ቀዝቃዛ አየር ምድርን ሲመታ ግን ዐውሎ ይሆናል።

ዐውሎ ድኻንና ሀብታምን አይለይም፤ የላላውንና የጠበቀውን ግን ይለያል። ምስማር የቈጠበ ሰው ቆርቆሮው ይገነጠልበታል፤ የብዙ ዓመት ጥሪቱንም ባንድ ቀትር ያጣል። ጉዳቱም በእርሱ አያበቃም፤ ያ ቆርቆሮ እየበረረ ቤቱን አጥብቆ የሠራውን ጎረቤት፣ በመንገድም የሚያልፈውን ሕፃን እንደ ሰይፍ ያቈስላል። ስለዚህ የአንዱ ቸልታ የብዙዎች መከራ ነው።

የትግራይ የጥንት ግንበኞች ሕድሞን በወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ሠርተው ጣራውን በዐፈር አከበዱት። በመቐለ አጠገብ በአሸጎዳም በ2006 ዓ.ም. 84 የነፋስ መዘውሮች ተመረቁ፤ ቆርቆሮ የሚነቅለው ኀይል መብራት እንዲሰጥ ተደረገ።

ነፋስን የሚከለክል ሰው የለም። ነገር ግን ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ጣራውን የሚያጠብቅ፣ ዛፍ የሚተክል፣ ጣራው ለተነሣበትም ጎረቤቱ ማገር የሚያቀብል ሰው ብልህ ይባላል።