ስንቴ ወርውሮ?

ከዚራ የዛፍ ጥላ ሥር ክርክር ጠፍቶ አያውቅም። ድሮ የእግር ኳስ ነበር፤ አሁን የአሜሪካኖቹ የቅርጫት ኳስ ተጨምሯል። እዚያ ማታ የሚጫወቱት እዚህ ሊነጋጋ ሲል ስለሆነ፣ የሰፈሬ ልጆች ዓይናቸው ደም መስሎ ይመጡና ሙግቱን ይከፍቱታል። አንዱ "ሠላሳ ነጥብ አስቆጠረ እኮ!" ይላል። ሌላው ሻዩን እያማሰለ "አቦ ተወና! ስንቴ ወርውሮ?" ይለዋል። እኔም ጋዜጣዬን አጥፌ ጆሮዬን የምሰጠው ይሄኔ ነው።

ቀላል ጥያቄ እንዳትመስላችሁ። አሥራ አምስት ጊዜ ወርውሮ ሠላሳ ነጥብ ያመጣና ሠላሳ ጊዜ ወርውሮ ሠላሳ ያመጣ፣ ሰሌዳው ላይ መንትዮች ናቸው። ሁለተኛው ግን የጓደኞቹን አሥራ አምስት ዕድል በልቷል። ኤን.ቢ.ኤ. የባለ ሦስት ነጥቡን መስመር ያሰመረው እ.ኤ.አ. በ1979 ነው። ከመስመሩ ውጪ መቶ ጊዜ ወርውሮ 35 የሚያስገባ ሰው 105 ነጥብ ያመጣል፤ ከመስመሩ ውስጥ 45 የሚያስገባው 90 ብቻ። ይቺን የአራተኛ ክፍል ሒሳብ ሊጉ በሙሉ አምኖ እስኪቀበላት ከሠላሳ ዓመት በላይ ፈጅቷል።

ሥነ ጽሑፍ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ስለሆንኩ ቁጥር የሚያስጠላኝ የሚመስላቸው አሉ። እንዲያውም! ተማሪዎቼን ስለ ገጸ ባሕርይ ሳስተምር፣ "ሰውየው ስለ ራሱ የሚናገረውን ተዉት፤ ደጋግሞ የሚያደርገውን ተከተሉ" እል ነበር። እነዚህ ቆጣሪዎች የሚሠሩትም ይህንኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 ማይክል ሌዊስ የተባለው ጸሐፊ በኒው ዮርክ ታይምስ መጽሔት ላይ ስለ ሂውስተን ሮኬትሱ ሼን ባቲየር ጽፎ ነበር። ባቲየር ብዙ አያስቆጥርም፤ ዝላዩም የሚያስጨበጭብ አይደለም። ግን እሱ ሜዳ ሲገባ የራሱ ቡድን ይሻሻላል፣ ተጋጣሚው ይበላሻል። ኮቢ ብራያንትን እንዲይዝ ሲላክ የሰውየውን ልማድ አጥንቶ ይገባል፦ ከየት ሲወረውር ይስታል? በየት በኩል ሲሄድ ይቸገራል? እንዳይወረውር አይከለክለውም፤ ወደማይመቸው ቦታ እየገፋ እንዲወረውር ይተወዋል። ዓይኑ ፊት እጁን ይዘረጋበታል፤ በቃ። እንዲህ ያለ ሰው በየመሥሪያ ቤታችን አለ፤ ስሙን የሚያነሳ ግን የለም።

ከሁሉም ግን የሚገርመኝ የዊልት ቻምበርሊን ነገር ነው። ሁለት ሜትር ከአሥራ ስድስት የሚረዝም ሰው! እ.ኤ.አ. ማርች 2 ቀን 1962 በአንድ ጨዋታ 100 ነጥብ አስቆጠረ። (በእኛ አቆጣጠር የካቲት 23 ቀን 1954 ዓ.ም. ነው፤ የዓድዋ ዕለት!) የጨዋታው ፊልም የለም፤ ወረቀቱ ግን ተርፏል። ወረቀቱ እንደሚለው ከ32 የቅጣት ውርወራ 28ቱን አግብቷል። ይህ ሰው ታዲያ በቅጣት ውርወራ የታወቀ ደካማ ነበር። በዚያ የውድድር ዘመን ግን ኳሷን በሁለት እጁ ይዞ፣ ከጉልበቱ በታች አውርዶ፣ ሽቅብ ነበር የሚለቃት። ከመቶ 61 ገደማ አገባ፤ በዕድሜው ከዚያ የተሻለ አላገኘም። ከዚያ ተወው! እ.ኤ.አ. በ1967 እና 68 የውድድር ዘመን ወደ 38 ወረደ።

ለምን? በኋላ በጻፈው ግለ ታሪኩ ራሱ ተናግሮታል፦ የሴት አወራወር መስሎ ስለተሰማው አፈረ። ትክክል እንዳልነበረም አምኗል። ሪክ ባሪ እንደዚያው ሽቅብ እየወረወረ ከመቶ ወደ 90 ሲያገባ እያየ፣ እሱ አልቻለም። እኛ ለዚህ ጉድ ስም አለን፤ ይሉኝታ እንለዋለን። ያን ያህል ግዙፍ ሰው፣ ማንም ደፍሮ ፊቱ የማይስቅበት ሰው፣ "ምን ይሉኛል" ብሎ ነጥቡን መሬት ደፋው። ቁጥሩ መድኃኒቱን ነግሮታል፤ የሚውጥበት ጉሮሮ ነው የጠፋው።

በዚያው በ1954 ዓ.ም. ጥር ላይ የእኛ ብሔራዊ ቡድን አዲስ አበባ ላይ ግብጾችን 4 ለ 2 አሸንፎ የአፍሪካን ዋንጫ ወሰደ። አምበሉ ሉቺያኖ ቫሳሎ ለድሬዳዋው የጥጥ ፋብሪካ ቡድንም የተጫወተ ነው። ሽማግሌዎቻችን ስለሱ ሲያወሩ ከዚራ ትደምቃለች፤ ወሬው ሁሉ ግን ግብ ነው። ኳሷን ማን እንደቀማ፣ ማን ሮጦ ቦታ እንደከፈተለት የሚነግረኝ አላገኘሁም። ለነገሩ ኤን.ቢ.ኤ.ም የተመለሰና የተነጠቀ ኳስ መቁጠር የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1973 ነው፤ ቻምበርሊን ራሱ ስንት ኳስ እንደመለሰ በትክክል የሚያውቅ የለም።

የጎረቤቴን ልጅ የቻምበርሊንን ታሪክ ካወራሁለት ወዲህ ደብተር ይዟል። ሲነጋ ብቻውን ሜዳ ሄዶ ይለማመዳል።

"ጋሼ፣ ሽቅብ ስወረውር ይሻለኛል" አለኝ ባለፈው ሰሞን።

"ታዲያ ምን ትጠብቃለህ?"

"ልጆቹ አሉ እኮ!"

"ልጆቹ ምን ሆኑ?"

"አቦ ጋሼ ደግሞ... ይስቃሉ።"

ደብተሩን አሳየኝ። በማስመሪያ ለሁለት ከፍሎታል፤ በአንዱ በኩል "ሰው በሌለበት"፣ በሌላው "ሰው ባለበት" ይላል። የመጀመሪያው እስከ ታች በጭረት ሞልቷል። ሁለተኛው ባዶ ነው። ቅዳሜ ከመጋላ ልጆች ጋር ይጋጠማሉ።