ሙሽሮቹ ያልሰሙት ውል

በጆርጅ አር. አር. ማርቲን ልቦለዶች ውስጥ ስላለው የመሳፍንት ጋብቻ ሲነሣ ጨዋታው ሁሉ ወደ «ቀዩ ሰርግ» ይሮጣል። ሮብ ስታርክ የፍሬይን ልጅ ሊያገባ የገባውን ቃል አጥፎ ሌላ አገባ፤ ፍሬዮችም በሰርግ ድግስ ላይ ገደሉት። እኔን ግን ከዓመታት በኋላም የሚመልሰኝ ሌላ ውል ነው፤ ማንም ያላፈረሰው፣ ነገር ግን በመደበቁ ብቻ ሰው የፈጀ። የቴሌቪዥኑን ድራማ ብቻ የተከታተለ አንባቢ አያውቀውም፤ አዘጋጆቹ ከነዋና ባለታሪኮቹ ትተውታልና።

ነገሩ እንዲህ ነው። የታርጋሪየን ሥርወ መንግሥት በሮበርት ባራቲየን አመፅ ሲወድቅ የንጉሡ ልጆች ቪሰሪስና ዴነሪስ ባሕር ተሻግረው ተሰደዱ። የዶርን ገዥ ዶራን ማርቴል በዚያው ጦርነት እኅቱና ልጆቿ ተገድለውበታል። ለአዲሱ ንጉሥ በአደባባይ እየታዘዘ በቀሉን በስውር ያሰላ ነበር። ወንድሙን ኦበርይንን ወደ ብራቮስ ልኮ ከስደተኞቹ ሞግዚት ጋር አፈራረመው፤ የከተማይቱ ገዥም ምስክር ሆነ። ቪሰሪስ የዶራንን ልጅ አሪያንን ያገባል፤ ዶርንም ዙፋኑን እንዲያስመልስ ጦሯን ትሰጠዋለች።

ዶራን ይህን ከንጉሡ መደበቁ አያስገርምም። ከሙሽራዪቱ ግን ለምን? ልጅ ምስጢር አትቋጥርም፣ ለጓደኞቿ ትነግራለች የሚል ነበር ምክንያቱ። ለትንሽ ልጅ ይሠራል፤ ሃያ ሦስት ዓመት ለሞላት የአገር ወራሽ ግን አይሠራም። ሙሽራውም ቢሆን አልሰማም። ቪሰሪስ ጦር ለማግኘት ሲል እኅቱን ለካል ድሮጎ ሸጠ፤ በመጨረሻም የቀለጠ ወርቅ በራሱ ላይ ፈስሶበት ሞተ። ይህ ሁሉ ሲሆን፣ ቃል የተገባለት ጦር በዶርን ተቀምጦ ነበር። በልቦለዶቹ ውስጥ ከዚህ የከፋ ምፀት አላገኘሁም።

አሪያን ደግሞ አባቷ ጥርስ አልባ ሽማግሌዎችን እየመረጠ ለጋብቻ ሲያቀርብላት እንደ ንቀት ቆጠረችው። እሱ ግን የሚያቀርባቸው እምቢ እንድትል ብሎ ነበር፤ አስቀድማ ታጭታለችና። ለወንድሟ ለኩዌንቲን የተጻፈ ደብዳቤ አይታ ደግሞ ርስቷ ሊነጠቅ መሆኑን አመነች። እናም ሴራ ጠነሰሰች፤ የንጉሡን ልጅ ሚርሴላን ልታነግሥ ተነሣች። አንድ ባላባት ሞተ፤ የሕፃኗም ፊት በሰይፍ ተቆረጠ። ንግሥት ሊያደርጋት የሚደክም አባቷን ለመጣል ነበር ይህ ሁሉ።

ለልጆች ተብሎ ነገር በሚደበቅበት ቤት ያደገ ሰው የአሪያንን ቁጣ ለመረዳት አይቸገርም። የአያቴን ሞት የሰማሁት ካረፉ ከስምንት ወር በኋላ ነው፤ «ሰው አገር ብቻዋን ናት፣ ፈተናዋም ደርሷል» ተብሎ። መርዶ ማዘግየት በእኛ ዘንድ ርኅራኄ ነውና ክፋት አላየሁበትም። ግን በእነዚያ ወራት ስልክ በደወልሁ ቁጥር የሁሉም ድምፅ ለምን እንደ ቀዘቀዘ፣ ተቀይመውኝ ይሁን ተጣልተው፣ ስጠረጥር ከረምሁ። አሪያንም አባቷ የተወላትን ባዶ ቦታ በመሰላት ሞላችው።

የዶራን ሌላው ስሕተት ጋብቻ በፖለቲካ ውስጥ የሚሠራውን ሥራ አለመገንዘቡ ይመስለኛል። የመሳፍንት ጋብቻ ኃይሉ በብራናው ላይ አይደለም፤ ጠላት ሰምቶ ሒሳቡን እንደገና እንዲያሰላ፣ ወዳጅም ሰምቶ እንዲበረታ ማድረጉ ላይ ነው። በ1875 ዓ.ም. የምኒልክ ልጅ ዘውዲቱ ገና በሕፃንነታቸው ለአፄ ዮሐንስ ልጅ ለአርኣያ ሥላሴ ሲዳሩ፣ በንጉሠ ነገሥቱና በሸዋው ንጉሥ መካከል ያለው ስምምነት አገር ያየው ሆነ። ሕፃኒቱን የጠየቃት አልነበረም፤ በዚህ ከዶራን ቤት አይሻልም። ሆኖም ሽማግሌው፣ ጥሎሹ፣ ድግሱ ለከንቱ አልተሠራም፤ የበላ ሁሉ ምስክር ነው።

ምስክር የሌለው ጋብቻ ደግሞ ለሌላ ሰው መሣሪያ ይሆናል። ማርቲን ብዙ የቀዳበት የእንግሊዝ «የጽጌረዳ ጦርነቶች» ታሪክ ይህን በግልጥ ያሳያል። ኤድዋርድ 4ኛ በ1464 እ.ኤ.አ. ኤልሳቤጥ ውድቪልን በስውር አገባ፤ ታላቁ ደጋፊው የዎሪክ መስፍን በዚያው ጊዜ ከፈረንሳይ ቤተ መንግሥት ሙሽራ እየፈለገለት ነበር። መስፍኑ በኋላ ከከዳባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ውርደት ነው። ንጉሡ በ1483 ሲሞት ግን የባሰ መጣ፤ ከኤልሳቤጥ በፊት ለኤሌነር በትለር ቃል ገብቶ ነበር የሚል ክስ ተነሣ። እሷም እሱም ሞተዋል፤ ማን ያስተባብል? በስውር ያገባ ሰው አስቀድሞ ሌላ በስውር አላገባም ብሎ ማስረዳት ከባድ ነው። ልጆቹ ዲቃላ ተባሉ፤ አጎታቸውም ሪቻርድ 3ኛ ተብሎ ነገሠ።

ዶራን ሁሉንም ለአሪያን የነገራት ቪሰሪስ ከሞተ በኋላ ነው። የአሁኑ ዕቅዱ ኩዌንቲን ዴነሪስን እንዲያገባ ነበር። ልጁ ሦስት ጓደኞቹ በመንገድ ሞተውበት፣ ያንኑ አሮጌ ብራና ይዞ ሚሪን ሲደርስ ንግሥቲቱ በማግሥቱ ሌላ ልታገባ ተዘጋጅታለች። ብራናውን አንብባ፣ ወንድሟ ይህን አውቆ ቢሆን ኖሮ ወደ ዶርን በገሠገሠ ነበር ብላ አዘነች፤ ሰርጉ ግን ቀጠለ። ኩዌንቲን ባዶ እጁን አልመለስም ብሎ ዘንዶዎቿን ሊገራ ገባ፤ በእሳታቸውም ተቃጥሎ ሞተ።

ይህ የተጻፈው በ2011 እ.ኤ.አ. በወጣው አምስተኛው መጽሐፍ ነው፤ ስድስተኛው እስካሁን አልታተመም። ዶራንም በዶርን፣ ከልጁ የሚመጣ ደብዳቤ እየጠበቀ ተቀምጧል።