የአባቴ ደረሰኞች

አባቴ ሲያርፍ ሁለት ነገር አወረሰኝ፤ አንዲት አሮጌ መኪናና አንድ ወፍራም አቃፊ። መኪናዋን በ1997 ዓ.ም. ከአስመጪው ኩባንያ አዲስ ሳለች ነበር የገዛት። አቃፊው ከዚያ ወዲህ በዚያው ኩባንያ ጋራዥ ያስደረገላትን ሰርቪስ ደረሰኝ ሁሉ በተራ ይዟል። በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ፣ አንዴም ሳያዛንፍ። በእያንዳንዱ ደረሰኝ ጀርባ ላይ ደግሞ በእርሳስ አጭር ማስታወሻ ጽፏል፤ «ከደብረ ብርሃን መልስ»፣ «ዝናብ በዛ»፣ «ልጁ መንዳት ጀመረ»።

ልጁ እኔ ነኝ።

አንድ ምሽት እነዚያን ወረቀቶች ዘርግቼ ሳገላብጥ የብርን ታሪክ የማነብ መሰለኝ። ዘይቱ ያው ዘይት፣ ፊልትሮው ያው ፊልትሮ ነው፤ ከጎኑ የተጻፈው ቁጥር ግን ከዓመት ዓመት ያብጣል። ነሐሴ 2002 ላይ ብር ከዶላር አንጻር ዝቅ እንዲል ተደረገ፤ በቀጣዩ ደረሰኝ ላይ ይታያል። ጥቅምት 2010 ላይ በ15 በመቶ ዳግም ወረደ፤ እርሱም ይታያል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክ ምንዛሬውን ለገበያ ለቀቀው፤ 57 ብር ግድም የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። አባቴ ያንን ቀን አላየም። ከዚያ ወዲህ ያለው ሒሳብ የእኔ ነው።

ምክንያቱ አይጠፋኝም። መለዋወጫው በዶላር ተገዝቶ፣ በመርከብ ጅቡቲ ደርሶ፣ ቀረጥ ተከፍሎበት ይገባል፤ በላዩም 15 በመቶ የተጨማሪ እሴት ታክስ ይጫንበታል። ይህን ሁሉ አውቃለሁ። ማወቅ ግን ኪስ አይሞላም።

በ2017 ዓ.ም. መኪናዋን ለሰርቪስ ወሰድኋት። በመቀበያው ያለችው ወጣት አሥራ አንድ መስመር ያለው ወረቀት ሰጠችኝ። «ጋሼ፣ ይኼ ሁሉ መሠራት አለበት» አለችኝ በትሕትና። ድምሩ ከመምህርነት የወር ደመወዜ በላይ ነበር። የትኛው ለጊዜው ሊቆይ እንደሚችል ጠየቅኋት። «እሱን እኛ መወሰን አንችልም፤ ኃላፊነት አለብን» አለች። ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትሁና መኪናዋን እንደመጣች ይዣት ወጣሁ።

ሦስት ወር እንዲሁ ነዳኋት። እናቴ በየወሩ በ21 እንጦጦ ማርያም ትስማለች፤ የማደርሳትም የምመልሳትም እኔ ነኝ። ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ የሚወርደውን ቁልቁለት የሚያውቅ ያውቀዋል። ከቅዳሴ መልስ፣ መንገዱን ካጋመስን በኋላ፣ ፍሬኑን ብረግጠው እንደ እርጥብ ስፖንጅ ለሰለሰብኝ። ደግሜ ብረግጠው ወደ ወለሉ ወረደ። ማርሽ ቀንሼ፣ የእጅ ፍሬኑን ቀስ እያልሁ ስቤ፣ የመንገዱን ጥግ ይዤ አቆምሁ። እናቴ ነጠላዋን አስተካክላ «ምነው ቆምህ ልጄ?» አለችኝ። «ሞተሩ ትንሽ ይረፍ ብዬ ነው» አልኋት። እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር።

በሰፈራችን፣ ከቆርቆሮ በተሠራች ጋራዥ ውስጥ፣ በሽምግልና ዕድሜ ያለ መካኒክ አለ። ወጣትነቱን በኩባንያ ጋራዥ የጨረሰ ሰው ነው። ጎማውን ፈታና ጠራኝ። «ና፣ አንተው እይ። ሸራው አዲስ ሲሆን 10 ሚሊ ሜትር ግድም ነው፤ 3 ሲቀረው ይቀየራል። ይኼ 6 አለው። ገና ነው።» ቀጥሎ የፍሬን ዘይቱን ማጠራቀሚያ ከፈተ። ውስጡ እንደ ቡና ጠቁሯል። «ጥፋተኛው ይኸውልህ። የፍሬን ዘይት ሲቆይ እርጥበት ይጠጣል። ቁልቁለት ላይ ሲግል ይፈላል፤ ሲፈላ አረፋ ይሆናል። አረፋ ደግሞ መኪና አያቆምም።»

ቤቴ ገብቼ ያችን የታጠፈች ወረቀት ፈለግኋት። ሸራው ሦስተኛው መስመር ላይ ነው፤ ከውዶቹ አንዱ። የፍሬን ዘይቱ ሰባተኛው ላይ ነው፤ ከሁሉም ርካሹ እርሱ ነበር።

ኩባንያውን ሌባ ብዬ ብገላገል በወደድሁ። ነገር ግን አልዋሸኝም፤ የሚያድነኝን ነገር ጽፎ ሰጥቶኛል። ብቻ የማይቆየውንና ሊቆይ የሚችለውን በአንድ ድምር ጠቀለለው፤ እኔም ጠቅልዬ ተውሁት። የኑሮ ውድነት ገንዘባችንን ብቻ የሚወስድ ይመስለን ነበር። ከአቅሙ በላይ የተጠየቀ ሰው ግን ትርፍ የሆነውን ብቻ መርጦ አይተውም፤ ነፍሱን የሚጠብቅለትንም አብሮ ይጥላል። አባቴ ጠቅላላ ድምሩን ከፍሎ በሰላም ይተኛ ነበር፤ ሳይጠይቅ ለማመን የሚበቃ ገንዘብ ነበረው። እኔ እርሱ የለኝም። ስለዚህ ጎንበስ ብዬ ማየት፣ እየለካሁ መጠየቅ፣ የቱ ዛሬ የቱ ነገ እንደሆነ መለየት ይኖርብኛል። ይህን ሳልማር እናቴን በዚያ ቁልቁለት አውርጃታለሁ።

የሰፈራችን መካኒክ ደረሰኝ አይሰጥም። ከልጄ ደብተር አንድ ገጽ ቀደድሁና ቀኑን፣ ኪሎ ሜትሩን፣ የከፈልሁትንም ጻፍሁበት። ከዚያ ገልብጬ በጀርባው በእርሳስ እንዲህ አልሁ፤ «የፍሬን ዘይት ተቀየረ። ከእንጦጦ መልስ። እናቴ አላወቀችም።»

ወረቀቱን ከአባቴ የመጨረሻ ደረሰኝ ቀጥሎ አስገባሁት።